ከወገብ በላይ፣ ከወገብ በታች፦ የባሌት ልብስና ፋሽን በቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ

በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተነሡ የባሌሪና ፎቶግራፎችን የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። የለንደን ወይዘሮ መሬት በሚጠርግ ቀሚስ እግሯን ሸፍና በምትወጣበት ዘመን ባሌሪናዋ ጉልበቷን ገልጣ በሕዝብ ፊት ትቆም ነበር። ከዚህ በመነሣት የባሌት ልብስን ከዘመኑ ፋሽን ያፈነገጠ፣ የሴትን አካል ነፃ ያወጣ አድርጎ መቁጠር ተለምዷል። ግምቱ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። እነዚያኑ ፎቶግራፎች ከወገብ በላይ የተመለከተ ሰው የሚያገኘው ያችኑ የለንደን ወይዘሮ ነው፤ ኮርሴት በሚባል ጥብቅ የውስጥ ልብስ የተሸበበ ወገብ፣ እንደ ጊዜው ፋሽን ግንባር ላይ የተጠቀለለ ፀጉር፣ አንገት ላይ የግል ጌጥ።

ልብሱ ሁለት ክፍል ነበረው። ደረትንና ወገብን የሚይዘው ክፍል ከሳቲን ወይም ከሌላ ሐር ይሰፋል፤ ቅርጹን እንዲጠብቅ ቀጫጭን የዓሣ ነባሪ አጥንት ወይም ብረት ይገባበታል፤ ከጀርባም ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። አንገቱ ሰፊ፣ እጅጌው አጭር፣ ፊቱ ከወገብ በታች ሹል ሆኖ የሚወርድ ነው። በሀብታም ቤት የራት ግብዣ ላይ ከሚለበሰው ቀሚስ የላይኛ ክፍል ብዙም አይለይም። የታችኛው ጉርድ ደግሞ ታርላታን ከሚባል ሻሽ መሰል ስስ ጥጥ ይሠራል። ጨርቁ በአሚዶ ይደርቅና ድርብ በድርብ ላይ እየተደረበ ወገቡ ላይ ተሰብስቦ ይሰፋል። ላብና እርጥበት ሲነካው አሚዶው ይለቃል፤ ያን ጊዜ ጉርዱ ይልፈሰፈሳል፣ ቅርጹም ይጠፋል። ጠጋ ብሎ ለሚያየው፣ ባሌሪናዋ የለበሰችው የወይዘሮዋን የላይ ልብስ ከውስጥ ጉርዷ ጋር ነው፤ በመካከል የጎደለው ዋናው ቀሚስ ብቻ ነው።

ጉርዱን ያሳጠረው የእግር ሥራ እንጂ የሥነ ምግባር ለውጥ አልነበረም። ባሌሪናዋ ማሪ ታልዮኒ በ1832 ፓሪስ ውስጥ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት ስትጫወት የለበሰችው ነጭ ጉርድ እንደ ደወል ሰፍቶ ከባቷ በታች ይወርድ ነበር። ለእርሷ በቂ ነበር፤ ተመልካቹ ሊያየው የሚገባው ቁርጭምጭሚቷንና የእግሯን ጫፍ ነበርና። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን ጣሊያናውያን ባሌሪናዎች ጫፉ በጠነከረ ጫማ በእግር ጣት ላይ ቆመው ደጋግመው መሽከርከር ጀመሩ። እንዲህ ያለው ሽክርክሪት የሚነሣው ከጭን ነው፤ ጉልበት ከተሸፈነ ሙያው አብሮ ይሸፈናል። ከእነርሱ አንዷ ቪርጂንያ ዙኪ በ1885 አጭር ጉርዷን ይዛ ሴንት ፒተርስበርግ ገባች። በለንደኑ አልሐምብራ ቲያትር መድረክ ላይ የታወቀችው ፒየሪና ሌኛኒም በ1895 በዚያው ከተማ በማሪንስኪ ቲያትር «ስዋን ሌክ» ላይ በአንድ እግር 32 ጊዜ ተሽከረከረች። ያን በታልዮኒ ጉርድ መሥራት ቢቻል እንኳ ማንም በቅጡ አያየውም ነበር።

የዚህ ስስ ጨርቅ ዋጋ በሕይወት ተከፍሏል። በዲሴምበር 1844 ክላራ ዌብስተር የተባለች እንግሊዛዊት ባሌሪና በለንደኑ ድሩሪ ሌን ቲያትር መድረክ ላይ እያለች ልብሷ በእሳት ተያይዞ ሕይወቷ አለፈ። ኖቬምበር 15 ቀን 1862 ደግሞ በፓሪስ ኦፔራ ልምምድ ላይ የባሌሪናዋን የኤማ ሊቭሪን ጉርድ የጋዝ መብራት ያዘው። ስምንት ወር ተሠቃይታ በጁላይ 1863 ስታርፍ ሃያ አንድ ዓመት አልሞላትም። ጨርቅን ከእሳት የሚከላከል የካርተሮን ድብልቅ በዚያን ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን ጨርቁን ያደድረዋል፣ ንጣቱንም ያደበዝዘዋል። ሊቭሪ በዚያ የተነከረ ጉርድ አልለብስም ብላ ነበር። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የወጣት ሴት ከንቱ ውበት ወዳድነት ተደርጎ ይነገራል፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። እንጀራዋ አየር ላይ የምትንሳፈፍ መስላ በመታየት ላይ የተመሠረተ ሴት፣ ክብደትና ጥቁረት የሚጨምርባትን ጨርቅ ብትሸሽ ጥፋቱ ያንን መልክ ብቻ ሲሸጥ የኖረው መድረክ ነው። ከእሳቱ የተረፈው የልብሷ ቅዳጅ ዛሬም በኦፔራው ሙዚየም ተቀምጧል።

በ1881 የለንደኑ ሳቮይ ቲያትር በኤሌክትሪክ መብራት ሲደምቅ ለአልባሳት ባለሙያዎች አዲስ ዘመን መጣ። የእሳቱ ሥጋት እየቀነሰ ሄደ፤ በጋዝ ብርሃን ቢጫነት ተሸፍኖ የኖረው ቀለም ግን ገመናው ወጣ። ዊልያም ፐርኪን በ1856 ሐምራዊ ቀለም ከሠራ ወዲህ በኬሚካል የተቀለሙ ጨርቆች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ የእነርሱን ድምቀት ያለ ርኅራኄ ያሳያል። ይህን ጉዳይ በሚገባ የያዘው «ቪልሄልም» በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ንድፍ አውጪ ዊልያም ፒቸር ነው። ከ1887 ጀምሮ በለንደኑ ኤምፓየር ቲያትር ከባሌት አዘጋጇ ካቲ ላነር ጋር ሲሠራ እያንዳንዱን ልብስ ለብቻው አያስብም ነበር፤ የሚያስበው አጃቢዎቹ በሙሉ ሲንቀሳቀሱ መድረኩ ላይ የሚፈጠረውን የቀለም ማዕበል ነው። በ1898 በቀረበው «ዘ ፕሬስ» ባሌት ጋዜጦችን ሰው አድርጎ አልብሷቸዋል፤ ተወዛዋዦቹ የከተማውን ጋዜጦች ወክለው ወጡ። ድንቅ ፈጠራ ነው። የንድፎቹን ሴቶች ወገብ ላስተዋለ ግን ያው የኮርሴት ወገብ ነው።

የሥነ ምግባር ክርክሩም እግር ላይ ተጠመደ። ስቱዋርት ሄድላም የተባለው የአንግሊካን ቄስ ለቲያትሮችና ለሙዚቃ አዳራሾች በመከራከሩ በ1878 ከምሥራቅ ለንደን ደብሩ ተባረረ፤ በዓመቱ ቤተ ክርስቲያንንና መድረክን የሚያቀራርብ ማኅበር መሥርቶ የባሌት ሴቶችን ክብር በአደባባይ ተሟገተ። በ1894 ደግሞ የሥነ ምግባር ተሟጋቿ ሎራ ኦርሚስተን ቻንት የኤምፓየር ቲያትር ፈቃድ እንዳይታደስ ተቃወመች፤ ከክሷ አንዱ የተወዛዋዦቹ ልብስ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ግን ያተኮረው ወንዶችና ሴተኛ አዳሪዎች በሚገናኙበት መተላለፊያና በመጠጡ ላይ ነው። በምክር ቤቱ ውሳኔ መጠጥ ቤቱን ከመተላለፊያው ለመለየት የቆመውን መጋረጃ ያፈረሰው ሕዝብ ውስጥ የ19 ዓመቱ ዊንስተን ቸርችል ይገኝ ነበር። ሄድላምም ቻንትም ለሴቶቹ ያዘኑ ሰዎች ናቸው። ይሁንና ክርክሩ የተራቆተው እግር ላይ ሲያንዣብብ የተሸበበው ወገብ ከእይታ አመለጠ።

የዚህ ዕውርነት ጉልህ ማስረጃ የወንድ ልብስ የለበሱ ሴቶች ናቸው። በ1870 «ኮፔልያ» ፓሪስ ላይ ሲከፈት የፍቅረኛውን የፍራንዝን ቦታ የተጫወተችው ኤዠኒ ፊዮክር ነበረች፤ በለንደን አልሐምብራና ኤምፓየርም ልዑሉን ወይም ወታደሩን ሴት መጫወቷ የተለመደ ነበር። «ወንዱ» ግን ሱሪው በእግሩ ላይ የተጣበቀ፣ ወገቡ በኮርሴት የቀጠነ ነው። ከጉርዱ ይልቅ ይህ ሱሪ የሴቷን ዳሌና ጭን አጉልቶ ያወጣል። ሴትን በወንድ ስም አቅርቦ ይበልጥ ለዓይን ማቅረብ ነፃነት ሊባል አይችልም።

ወገቡን የፈታው ነገር የመጣው ከባሌት ውጭ ነው። በ1881 ለንደን ላይ የተመሠረተው የምክንያታዊ አለባበስ ማኅበር ጥብቅ ኮርሴትንና ከባድ ቀሚስን በግልጽ ተቃወመ። በለንደኑ ጌይቲ ቲያትር እነ ኬት ቮን ረጅም ቀሚሳቸውን በእጃቸው እያውለበለቡ የሚወዛወዙበት የቀሚስ ውዝዋዜ ሰዉን ማረከ፤ ጨርቁ ራሱ ተወዛዋዥ ሆነ። አሜሪካዊቷ ሎይ ፉለር በ1892 በፓሪሱ ፎሊ ቤርዤር ይህን ወደ ጫፉ አደረሰችው፦ በእጇ በያዘችው ዘንግ ሰፊውን ሐር እያወዛወዘች፣ ባለቀለም ብርሃን እያፈሰሰችበት፣ አካሏን በጨርቁ ውስጥ ሰወረችው። በ1894 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበችበት። ጉርዱን ካሳጠሩት ባሌሪናዎች ይልቅ ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገት የተሸፈነችው ፉለር ለሴት አካል የበለጠ ነፃነት ሰጥታለች ብሎ መፍረድ ይቻላል።

የባሌት ቤቱ ልማድ ከንግሥት ቪክቶሪያ ሞት በኋላም አልላላም። የባሌት አዘጋጁ ሚካኤል ፎኪን በ1907 የጥንት ዘመንን የሚያሳየውን «ዩኒስ» በማሪንስኪ ቲያትር ሲያዘጋጅ ተወዛዋዦቹ በባዶ እግር እንዲወጡ ፈቃድ ስላልነበረ፣ እግራቸውን በሸፈነው ጥብቅ ታይት ላይ የእግር ጣቶች በቀለም ተሥለው ወጡ።