ደረቅ ወደብ ወይስ የኮንክሪት ግቢ?

ዛሬ ከፖለቲካው ጥቂት ዞር ብለን ስለ ደረቅ ወደብ እናውጋ። “ወደብ ደግሞ እንዴት ደረቅ ይሆናል?” ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። እኔም ስቄ ነበር፤ ኋላ ግን እንጀራዬ ሆኖ አረፈ። በምኖርበት አገር የኮንቴይነር ግቢዎችን ንጣፍ የምነድፍ መሐንዲስ ነኝ። ሙሉ ኮንቴይነር ያነሳ ሪችስታከር በፊተኛው አክስሉ ብቻ መሬቱን 100 ቶን ገደማ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ኮንክሪትን የምንቅ ሰው አይደለሁም።

ቅር የሚለኝ፣ አበዳሪዎችና መንግሥታት ተስማምተው “ወደብ ሠራን” ሲሉ የሚያሳዩን ኮንክሪቱን ብቻ መሆኑ ነው። ሞጆን እንውሰድ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ሞጆን ዋና ማዕከሉ ላደረገ የሎጂስቲክስ ፕሮጀክት 150 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በቻይና ብድር የተዘረጋው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። (እውነቱን ለመናገር የባንኩ ሰነድ ስለ ጉምሩክ ቅንጅትና ስለ ሕግ ማሻሻያም ያወራል፤ ሪባን የሚቆረጠው ግን ለሕግ አይደለም።)

ሐሳቡ በራሱ ግሩም ነው። መልቲሞዳል በሚባለው አሠራር ሻንጋይ ላይ የተጫነ ዕቃ መድረሻው ሞጆ ተብሎ ይጻፋል፤ እስከዚያ ድረስ ኃላፊነቱ የአጓጓዡ ነው፤ ቀረጡም እዚያው ይከፈላል። ጅቡቲ ላይ በዶላር ይከፈል የነበረው የማቆያ ኪራይ ሞጆ ላይ በብር ይሆናል። ተባለ፣ ተጨበጨበ። ይሁን እንጂ ሥራው ለዓመታት በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ተያዘና ወረፋው ከባሕር ዳርቻ ወደ ሞጆ ተዛወረ። ለግል ኦፕሬተሮች በሩ ገርበብ ያለው በቅርብ ዓመታት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ዕቃው የእኛ ቢሆንም ሳጥኑ የእኛ አይደለም። ኮንቴይነሩ የውጭ መርከብ ኩባንያ ንብረት ከሆነ፣ የተፈቀዱት ቀናት ካለፉ በኋላ ባዶው ጅቡቲ እስኪመለስ ድረስ ቅጣቱ በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል። ግቢው በብር አስከፈለ ማለት ዶላሩ ተረፈ ማለት አይደለም። ከምንልከው የምናስገባው እጅግ ስለሚበዛ ደግሞ ባዶ ሳጥን መመለስ የዕለት ተዕለት ጣጣችን ነው።

ካዛክስታን ከቻይና በምትዋሰንበት በኮርጎስ የሁለቱ አገሮች የሐዲድ ስፋት ስለሚለያይ ኮንቴይነሩ ከባቡር ወደ ባቡር በክሬን መሸጋገር አለበት። የእኛ አዲሱ ሐዲድ ይህ ችግር የለበትም፤ በዚህ በኩል ዕድለኞቹ እኛ ነን። ነገር ግን በ2017 ኮስኮ የተባለው የቻይና መርከብ ኩባንያና የሊያንዩንጋንግ ወደብ የኮርጎስን ደረቅ ወደብ 49 በመቶ ድርሻ ገዙ። ሳጥኑ ከቆመ እነሱም ይከስራሉ። ለእኛ ያበደረን ግን ሳጥኑ ቢቆምም ባይቆምም ብድሩ ይመለስለታል። ሞጆን ለቻይና እንሽጥ ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ!

ጅቡቲስ? በባቡሩ ኩባንያ 25 በመቶ ድርሻ አላት፤ ዕቃ ቶሎ ወደ ሞጆ በተነሳ ቁጥር ግን የወደብ ኪራይዋ ይቀንሳል። ታዲያ ስለ ምን ብላ ታፋጥንልን? ለቀጣዩ ብድር የሚደራደሩት ሹማምንት ጅቡቲንና የመርከብ ኩባንያዎቹን ጠረጴዛው ላይ አብረው ያስቀምጡና፣ ስለ ግቢው ስፋት ከመነጋገራቸው በፊት፣ ባዶውን ሳጥን ማን፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ እንደሚመልሰው ይፈራረሙ።