የሃንጋሪ የብርድ ወራት ቋሊማ

በሃንጋሪ ገጠር አሳማ የሚታረደው ብርዱ ሲጠና፣ ከኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት ነው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ሥጋውን ሳይበላሽ ከትፎ፣ ቀምሞና አጥኖ ለማድረስ ብርዱ ግድ ነበር። ዛሬ ማቀዝቀዣ ሞልቶም ልማዱ አለመቅረቱ ደስ ይለኛል። የቋሊማ በዓላትም የበቀሉት ከዚሁ ነው፤ የታወቀው የቤኬሽቻባ ከተማ በዓል በ1997 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በጥቅምት ይከበራል፤ በየካቲት ደግሞ ቡዳፔስት ውስጥ ማንጋሊትሳ ለሚባለው ጸጉረ ከርዳዳ አሳማ የተሰየመ በዓል አለ።

በዕርዱ ቀን ዓይን የሚይዘው ገንዳው ነው። የተፈጨው ሥጋ ከነጮማው ይዘረገፍና ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የካራዌ ዘር ይነሰነስበታል። ከዚያ ፓፕሪካ የሚባለው የበርበሬ ዱቄት፣ ጣፋጩም የሚያቃጥለውም፣ እጅ ሳይሰስት ይጨመራል። ባለሙያዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሥጋው ደም መስሎ እስኪቀላ ያሹታል። አንዱ ቆንጠር አድርጎ ይጠብስና ያቀምሳል፤ ጨው አነሰ፣ በዛ የሚለው ክርክር ያኔ ይጀመራል። ከፍራፍሬ የሚወጣው አረቄ፣ ፓሊንካ፣ በመሀል ይዞራል። የተቀመመው በታጠበ አንጀት ተሞልቶ ጭስ ቤት ይሰቀላል። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰውም ቢሆን ይህን ሙያ ቆሞ ቢያይ አይቆጨውም።

እኔ ግን አብልጬ የምወደው የጎረቤቱን ድርሻ ነው። ያረደ ቤት ከትኩሱ ቋሊማና ከተጠበሰው ጮማ በሳህን አድርጎ ለጎረቤት ይልካል። ጎረቤትም በተራው ሲያርድ እንዲሁ ያደርጋል፤ መንደሩ ትኩስ ሥጋ የሚቀምሰው አንድ ቀን ብቻ አይሆንም።