ከውሃና ከእሳት

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ከውሃና ከእሳት የቱ ይበልጣል?» ተብሎ ክፍሉ ለሁለት ሲከፈል ያልተሟገተ ተማሪ ጥቂት ነው። ለጭብጨባ ስንል እንጮህ ነበር፤ ዳኛው መምህራችን ነበሩ። እኔ የማደንቀው ግን ከጩኸቱ በኋላ ደብተር አስወጥተው «አሁን ጻፉት» የሚሉትን መምህራን ነው። ወረቀት ላይ ጩኸት አይሠራም። «እሳት ይበልጣል» ያለች የአራተኛ ክፍል ልጅ «ምክንያቱም» ብላ መቀጠል አለባት። ውሃ እሳትን እንደሚያጠፋም ማመን ይኖርባታል፤ ከባዱ እሱ ነው። «ቢሆንም ውሃ ብቻውን ሽሮ አያበስልም» ብላ ከጻፈች ሙግት ገብቷታል። አያቶቻችን በበልሃ ልበልሃ ችሎት ዛፍ ሥር ቆመው ይህንኑ በቃል ይችሉበት ነበር። መምህራን ሆይ፣ ስታርሙ ከፊደል ግድፈቱ በፊት «ምክንያቱም»ን ፈልጉልን።