በመስተዋት ጀርባ የተሣሉ እንስሳትና የሰብሳቢዎች ስሕተት

በመስተዋት ጀርባ የሚሣል ሥዕል የአሠራሩ ተራ የተገለበጠ ነው። በሸራ ላይ የሚሠራ ሠዓሊ መደቡን አስቀድሞ የዓይንን ብርሃን በመጨረሻ ያኖራል፤ በመስተዋት የሚሠራው ግን የአጋዘኑን ዓይንና የጠጉሩን መሥመር አስቀድሞ፣ ገላውን አስከትሎ፣ ዱሩንና ሰማዩን በመጨረሻ ይቀባል። ተመልካቹም የሚያየው ከፊት በኩል፣ በመስተዋቱ አሳልፎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀለም ከወደቀ በኋላ በጀርባው የሚደረበው ሁሉ አይመልሰውም።

ይህ ጥበብ በጀርመን አገር በባቫሪያ ገጠር የታወቀ ነበር። በሙርናው የተቀመጡት ካንዲንስኪና ጋብሪኤለ ሙንተር ወደዱት፤ ወዳጃቸው ፍራንዝ ማርክም እ.ኤ.አ. በ1911 እንስሳትንና ቀስተ ደመናን በዚሁ ዘዴ ሠራ፤ ከቀለሙም ጋር ወረቀትና ስስ የብረታ ብረት ቅጠል ለጠፈበት።

ነቀፌታዬ ሥዕሉ እንደ አዲስ እንዲያበራ ብለው ጀርባውን በሚያጥቡና የጎደለውን በሚያስቀቡ ሰብሳቢዎች ላይ ነው። መስተዋት እንደ ሸራ ቀለም አይመጥጥም፤ ቀለሙ በገጹ ላይ ብቻ ተጣብቆ ይኖራል። እርጥበትና የሙቀት መለዋወጥ ሲያላቅቁት አየር ይገባበታል፤ ከፊት ሲታይም ይደበዝዛል። ይህን የላላ ቀለም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የአጋዘኑን ዓይን አጥቦ ማስወገድ ነው።

የሚገባው ጥበቃ ቀላል ነው፤ ይኸውም ፊቱን ብቻ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከእርጥብ ግድግዳ ማራቅ፣ ያለ ባለሙያ ከክፈፉ አለማውጣት ነው። በእኔ አስተያየት ቀለሙ የጎደለ አጋዘን እንደ ጎደለ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የቀረው ጥቂት መሥመር የሠዓሊው የመጀመሪያ እጅ ነውና።