ደጃፍ ላይ የሚደረግ ቆጠራ

ቢጫው የአሜሪካ የተማሪዎች አውቶቡስ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ከሚያደርሱ ተሽከርካሪዎች ሁሉ አስተማማኙ ነው። አደጋው ያለው ከደጁ፣ ከበሩ ደረጃ እስከ መንገዱ ዳር ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ውስጥ ነው። የካንሳስ ግዛት የትምህርት መሥሪያ ቤት ከ1970 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከመላ አገሪቱ በሚያሰባስበው መዝገብ፣ ሲሳፈሩና ሲወርዱ ከሞቱት ልጆች አብዛኞቹ ከ9 ዓመት ያልበለጡ ናቸው። በርካቶቹን የገጫቸው ደግሞ የወረዱበት አውቶቡስ ራሱ ነው። ሹፌሩ ልጁ የሄደ መስሎት ፍሬኑን ለቅቋል።

አዲስ ሠልጣኝ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ስለ ቀበቶ ነው። የገዛ መኪናውን ያለ ቀበቶ የማያንቀሳቅስ ሰው ሃምሳ ልጅ ያለ ቀበቶ ጭኖ መሄድ ቢከብደው አይፈረድበትም። መልሱ ያለው በወንበሮቹ አሠራር ላይ ነው። ከኤፕሪል 1977 ወዲህ የሚሠሩ ትልልቅ አውቶቡሶች ወንበሮቻቸው ተቀራርበው እንዲተከሉ፣ ጀርባቸው ከፍ ያለና በስፖንጅ የተሸፈነ እንዲሆን፣ ሲገፉም እየታጠፉ ግፊቱን እንዲውጡ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። አውቶቡሱ ከፊት ወይም ከኋላ ሲጋጭ ልጁ በሁለት ወንበሮች መካከል ተይዞ ይቀራል። ከጎን ሲመታ ወይም ሲገለበጥ ግን ይህ ዘዴ ብዙም አያድንም። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2018 ግዛቶች ለአዳዲስ ትልልቅ አውቶቡሶች ባለ ትከሻ ቀበቶ እንዲያስገድዱ የመከረው ለዚህ ነው። ቦርዱ ልክ ነው፤ ቀበቶው ይግባ። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ በቀበቶ ላይ ሲያልቅ፣ ልጁ ቀበቶውን ፈትቶ ከወረደ በኋላ ስለሚሆነው የሚነጋገር ሰው ይጠፋል።

የተሽከርካሪው መመዘኛ ታሪክ አጭር ነው። በኤፕሪል 1939 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሮፌሰር ፍራንክ ሲር ኒው ዮርክ ላይ የጠሩት ጉባኤ 44 መመዘኛዎችን አወጣ። ቢጫው ቀለም የተመረጠው ያን ጊዜ ነው፤ በላዩ የሚጻፈው ጥቁር ፊደል በማለዳና በምሽት ድንግዝግዝ ጎልቶ ይነበባል። ደንብ ሲዘገይ የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ በ1988 ኬንታኪ ውስጥ ካሮልተን አጠገብ ታየ። ከ1977ቱ ደንቦች በጥቂት ቀናት ቀድሞ የተሠራ የቤተ ክርስቲያን አውቶቡስ፣ ሰክሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሚነዳ ሰው መኪና ጋር ተጋጨ። የነዳጅ ታንኩ መከላከያ አልነበረውም። 27 ሰዎች ሞቱ፤ የጨረሳቸውም እሳቱና ጭሱ ነው።

ከበሩ ውጭ ያለው ሥራ ግን በብረትና በቀለም አያልቅም። አውቶቡሱን 3 ሜትር ያህል ዙሪያውን የሚከበው ቦታ ለልጅ ክፉ ነው። ከአፍንጫው ሥር የቆመ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ከሹፌሩ ወንበር በቀጥታ አይታይም። ለዚህ ሲባል ከፊት የተሰቀሉት ጎበጥ ያሉ መስታወቶች ብዙ ነገር ያሳያሉ፤ የወደቀ ወረቀቱን ሊያነሳ ከጎማ ፊት ያጎነበሰውን ልጅ ግን ሊሰውሩት ይችላሉ። ስለዚህ ሹፌሩ መቁጠር አለበት። አራት ልጆች ከወረዱ አራቱም ከአውቶቡሱ ርቀው መታየት አለባቸው። ሦስት ብቻ ከታዩ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ኪስ ይገባል፣ ሹፌሩ ወርዶ ዙሪያውንና ሥሩን ያያል። አራተኛው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከዛፍ ጀርባ የጫማውን ክር እያሰረ ይገኛል። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ቢነፉ ይንፉ።

መቆጠር ያለበትም የራቀ ልጅ ነው። ደረጃውን ጨርሶ የወረደ ልጅ ገና ከአውቶቡሱ አልተላቀቀም ይሆናል። የጃኬት ገመዳቸው በበሩ የእጅ መደገፊያ ብረት ክፍተት ውስጥ ተሰክቶ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ እየተጎተቱ የሞቱ ልጆች አሉ። ከዚያ በኋላ ብረቶቹ ተስተካከሉ፤ መፈተሻውም ጫፉ ላይ ዳዶ የታሰረበት ገመድ ሆነ። ገመዱ በብረቱ ላይ ወደ ታች ሲሳብ ዳዶው ከተያዘ አውቶቡሱ ለሥራ አይወጣም። ከዚህ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም።

በካሜራና በሴንሰር የሚተማመኑ ኃላፊዎች ቆጠራ ጊዜ ይፈጃል፣ ማሽኑ ይበቃል ይላሉ። ማሽኑ ቢጨመር ጥሩ ነው። ሹፌሩ ግን የማሽኑን ድምፅ መጠበቅ የለመደ ቀን ዓይኑን ከልጆቹ ላይ ያነሳል። ከሁሉ የተሻለው ሥርዓት የካሊፎርኒያ ነው። በዚያ ግዛት ሕግ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ተማሪ መንገድ መሻገር ካለበት ሹፌሩ በእጁ የማቆሚያ ምልክት ይዞ ይወርድና ያሻግረዋል። ተቃዋሚዎች በአውቶቡሱ ውስጥ የቀሩት ልጆች ያለ አዋቂ ይቆያሉ ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ቁልፉ ተነቅሎ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ልጅና አስፋልት የሚሻገር የ6 ዓመት ልጅ አደጋቸው እኩል አይደለም።

ቆጠራው በቁጥር ብቻ ሲሆን በሳምንቱ ይሰለቻል። በስም ሲሆን ግን አይረሳም። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወረዳዎች ይህን አውቶቡስ ከሚነዱት መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ። ከነዚህም አገር ቤት መምህር የነበረ፣ አሜሪካ ገብቶ ታክሲ የነዳ፣ በኋላ ለጤና መድኅኑና ለሰዓቱ ሲል ወደ አውቶቡስ የዞረ ሰው ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው የስም ጥሪን ከመማሪያ ክፍል ያውቀዋል። የማን እናት በር ላይ እንደምትጠብቅ፣ የትኛው ወንድም ታናሹን ትቶ እንደሚሮጥ፣ ማን ሰሞኑን ዝም እንዳለ በሁለት ሳምንት ይለያል። መኪና መንዳት እንጀራ ብቻ የሆነበት ሰው፣ ስሙን ጠርቶ እንደምን አደርክ ያለው ልጅ ፈገግ ብሎ ሲመልስለት ሥራው እንደገና ማስተማር ይሆንለታል። ይህ ደስታ ከደመወዙ ጋር አይጻፍም፤ ብዙዎችን በዚህ ሥራ ለዓመታት ያቆያቸው ግን እሱ ነው።

ስም የሚያውቅ ሹፌር የመጨረሻውንም ፍተሻ በእምነት ያደርጋል። ጉዞው ሲያልቅ እስከ ኋለኛው ወንበር ተሄዶ እያንዳንዱ መቀመጫና ሥሩ ይታያል፤ የተኛ ሕፃን በክረምት ቅዝቃዜ ወይም በበጋ ሙቀት ተቆልፎበት እንዳይቀር። ይህን ለማስገደድ ከኋላ የሚጠፋ የማንቂያ ደወል የተገጠመላቸው አውቶቡሶች አሉ። ደወሉን ለማጥፋት ብቻ እየሮጠ ሄዶ የሚመለስ ሹፌር ግን አልፈተሸም።

ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ አዲስ ሹፌር ከፈተና በፊት በተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ መማር ግዴታው ነው። በንድፈ ሐሳቡ ፈተና 80 ከመቶ ይጠየቃል፤ ለመሪው ልምምድ ግን ደንቡ ዝቅተኛ ሰዓት አላስቀመጠም፣ አሠልጣኙ ሠልጣኙ ችሏል ብሎ ይፈርማል። በዚህ ነፃነት ብዙው ጊዜ ለመታጠፊያና ለኋላ ማርሽ ይውላል። የሚበዛው ሰዓት መዋል የነበረበት በፌርማታ ላይ ነው፦ ባዶ መንገድ ዳር፣ አዋቂዎች የልጅ ቦታ ይዘው፣ አንዱ ሆን ብሎ ከጎማው አጠገብ እያጎነበሰ፣ ሠልጣኙ ቆጠራው እንዳልሞላ ራሱ እስኪያውቅ ድረስ።

ቆጠራው የሚፈርሰው መደበኛው ሹፌር በቀረ ቀን ነው። በኦክቶበር 1995 ኢሊኖይ ውስጥ ፎክስ ሪቨር ግሮቭ ላይ ቀይ መብራት ይዟት የቆመች ተተኪ ሹፌር፣ የአውቶቡሱ ጭራ ሐዲድ ላይ መቅረቱን አላወቀችም፤ ባቡሩ መትቶት 7 ተማሪዎች ሞቱ። መስመሩን የማያውቅ ሰው ከመነሳቱ በፊት በእጁ ሊኖረው የሚገባው ወረቀት ቀላል ነው፦ የየፌርማታው ስም፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚወርዱት ልጆች ስምና ብዛት፣ የትኛው ልጅ መንገድ እንደሚሻገርና ከየትኛው ወገን፣ ማን ያለ ተቀባይ እንደማይለቀቅ፣ ሐዲድ ባለበት ደግሞ ከሐዲዱ ማዶ አውቶቡሱን የሚያስቆም ቦታ መኖር አለመኖሩ። ወረቀቱን የሚጽፈው መደበኛው ሹፌር ነው፤ አንድ ልጅ ቤት በቀየረ ቁጥርም በዚያው ቀን ያርመዋል።