«ድፍረት»ን እንደገና ሳየው

«መብት መብት ስትሉ አገሪቱን ወደኋላ ጎተታችኋት፤ መጀመሪያ ዳቦ፣ መንገድ፣ መብራት» ይለኛል አንድ ጓደኛዬ በተገናኘን ቁጥር። በቀደም ይሄው ክርክር ሲነሣ ዝም አልኩት። ቤት ገብቼ «ድፍረት»ን ከፍቼ አየሁ።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን ፊልም ላላያችሁ ባጭሩ፦ የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ትጠለፋለች፤ ከተደፈረች በኋላ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች። አንዲት ጠበቃ ትቆምላታለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የሆነ ታሪክ ነው። እውነተኛዋ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ ያኔ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ትመራ ነበር።

ለጓደኛዬ መልሱ ገና መጀመሪያው ላይ አለ። ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል እኮ! ልማት ደርሷታል። ያልደረሳት በሰላም ቤቷ መግባት ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ያንን አንቀጽ መንገድና መብራት አላጠፋውም። ሴቶች ለዓመታት ጮኸው፣ ተሟግተው፣ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሕግ ሲመጣ ቀረ።

መንግሥትስ? በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴቶቹ ማኅበር የባንክ ሂሳብ ታገደ፣ ባለሙያዎቹ ተበተኑ። አዋጁ እስኪሻር 10 ዓመት ፈጀ። የውጭ ገንዘብ የራሱን ፍላጎት ይዞ ይመጣል የሚለው ስጋት ባዶ ነው አልልም። ግን መንገድ በውጭ ብድር ሲሠራ 10 ከመቶ ያለ ማን አለ?

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ጉልበቱ ያለው ዛፍ ሥር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጋ። ዘረሰናይ ጅሎች አላደረጋቸውም፤ ይከራከራሉ፣ ይመዝናሉ፣ የሟች አባት ሐዘንም ሐዘን ነው። ቢሮ ውስጥ ስንገባ ግን ሰዎቹ እንደ ድርጅት ብሮሹር ማውራት ይጀምራሉ። ሜሮን ጌትነት ባትኖር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ርእሱን ግን እወደዋለሁ፦ እሷም ደፈረች፣ እሱም ደፈራት። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ግስ አስሯቸዋል።

የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ሰጠችው። በ2006 ክረምት መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ያሳገደችው ባለታሪኳ ራሷ ነበረች። ስለ መብት የተሠራ ፊልም በባለመብቷ አቤቱታ ቆመ! በኋላ ታይቷል፤ ጥያቄው ግን አልሄደም። ፊልሙ ውስጥ ልጅቷ አንዴ ትተኩሳለች፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ሌሎች ናቸው የሚናገሩላት። የመብት ተሟጋቾች እዚህ ላይ ይታማሉ፣ ሐሜቱም እውነት አለው፦ የሰው ቁስል ፖስተር ላይ ሲወጣ ባለቁስሏ ትረሳለች።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «አላልኩሽም?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። በ14 ዓመቷ በእጇ የነበረው የጠላፊዋ ጠመንጃ ብቻ ነበር። ካደገች በኋላ ግን ሆሊውድ የቆመለትን ፊልም በአንድ ወረቀት አስቆመች። ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ብሆን ኖሮ ሳላይ በመውጣቴ እናደድ ነበር መሰለኝ። አሁን ግን ለጓደኛዬ የምነግረው ስለዚያ ምሽት ነው።