ባለ አራት ጥፍሯ ፕላቲነም

ፒያሳ ወርቅ ቤት የገባ ገዢ ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ነው፤ ስንት ግራም፣ ስንት ካራት። ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ቀለበቱን ገልብጦ ፈርጡን የያዙትን ጥፍሮች ያያል። እኩል ታጥፈዋል ወይ? ጥፍሩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ ከላላ ደግሞ ድንጋዩ መንገድ ላይ ይቀራል።

በዚሁ ዓይን ላሳያችሁ የፈለግሁት ሥራ መስታወት ውስጥ አይደረደርም። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ የካንሰር ሕሙማን በክንዳቸው የሚወስዱት ነው፤ ስሙ ሲስፕላቲን። መካከሉ ላይ አንዲት የፕላቲነም አቶም፣ ዙሪያዋን አራት ጥፍር፤ ሁለቱ አሞኒያ፣ ሁለቱ ክሎሪን። በቃ፣ ይኸው ነው። (ፕላቲነም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ማዕድን ነው።)

ውህዱን ጣሊያናዊው ሚኬሌ ፔይሮኔ በ1840ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሠርቶት ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ መድኃኒት ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ባርኔት ሮዘንበርግ ኤሌክትሪክ ባክቴሪያን ምን እንደሚያደርግ ለማየት የፕላቲነም ኤሌክትሮድ ቢያስገባ፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈሉን ትተው እንደ ክር ረዘሙ። ኤሌክትሪኩ አልነበረም፤ ከኤሌክትሮዱ የሟሟው ፕላቲነም ነበር። በ1978 አሜሪካ ለካንሰር ሕክምና ፈቀደችው።

የእጁ ጥበብ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። ሁለቱ ክሎሪኖች ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢሆን፣ ያው አቶም በያው ቁጥር፣ ካንሰር ላይ ፋይዳ የለውም። ደም ውስጥ ክሎራይድ ስለሚበዛ ጥፍሮቹ እንደተያያዙ ይጓዛሉ። ህዋስ ውስጥ ሲገቡ ግን ክሎራይዱ ይሳሳል፤ ክሎሪኖቹ ተራ በተራ ይለቃሉ፤ ባዶ የቀረው ቦታ ዲኤንኤ ላይ የተጎራበቱ፣ ጉዋኒን የሚባሉ ሁለት ፊደላትን ጨምድዶ ይይዛል። ዲኤንኤው ይጎብጣል፣ ህዋሱም ሊባዛ ሲል ይሰናከላል። ነርሷ ሲስፕላቲንን በኖርማል ሳላይን የምትሰቅለውም ለዚሁ ነው፤ የጨው ክሎራይድ ጥፍሮቹን ያስጠብቃል። ታናሽ ወንድሙ ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ ተቃራኒ ነው፦ ሳላይን አይነካውም፣ በግሉኮስ ብቻ ይሰጣል። አሉሚኒየም ያለበት መርፌማ ጭራሽ ክልክል ነው፤ ፕላቲነሙ ተበላሽቶ ይጠቁራል።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት ነው እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ። ህዋሱ መሞቱ ብቻ ሳይሆን አሟሟቱም ይለያያል። ኦክሳሊፕላቲን የመታው የካንሰር ህዋስ ከመሞቱ በፊት ካልሬቲኩሊን የሚባል፣ ሁልጊዜ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮቲን አውጥቶ ገላው ላይ ይለጥፋል። ዴንድሪቲክ የሚባሉት የመከላከያ ህዋሳት ያንን አይተው ህዋሱን ይውጡታል፤ ከዋጡትም ቆንጥረው ለሌሎቹ ተከላካዮች፣ ለቲ ሴሎች፣ ያሳያሉ። ቲ ሴሎቹ ጠላታቸውን በመልኩ ለዩ ማለት ነው። ሲስፕላቲን ግን፣ በ2010 የታተመ የአንጀት ካንሰር ህዋሳት ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን ፕሮቲን አያስወጣም፤ ህዋሱ ጎረቤት ሳይሰማ ይሞታል። የፕላቲነሙ አቶም አንድ ነው፤ የተለወጡት የያዙት ጥፍሮች ናቸው።

ሲስፕላቲንን ግን ዲዳ ማለት አይገባም። በላብራቶሪና በአይጥ ላይ እንደታየው ካንሰሩን ለቲ ሴል ጥቃት ያሳሳዋል፤ ቲ ሴሎች የሚረጩት ገዳይ ኢንዛይም በቀላሉ እንዲገባ በር ይከፍታል። በሌላ በኩል እነዚህ መድኃኒቶች መቅኒን ስለሚጎዱ የተከላካዮቹን ቁጥር ራሱ ይቀንሳሉ። ኬሞ የወሰደ ሁሉ «ነጭ የደም ሴልህ ወርዷል፣ ዙሩ ይራዘም» የሚለውን ያውቀዋል። ጦር እየጠሩ ጦሩን ማሳነስ፤ መጠንና ጊዜ የሚለካው ሐኪም ፈተናም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ወርቅም አንድ ነገር ልጨምር፣ ፒያሳን አንስቼ ወርቅን ብዘል ነውር ነውና። በ1985 አሜሪካ የፈቀደችው ኦራኖፊን ወርቅ ያለበት እንክብል ነው፤ የተፈቀደውም ለሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ማለትም ገላን የሚያጠቃ የራስን መከላከያ ለማብረድ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች ካንሰር ላይ እየሞከሩት ነው። ወርቁ ያበርዳል፣ ፕላቲነሙ ይቆሰቁሳል፤ በግርድፉ እንዲህ ነው።

ወደ ሲስፕላቲን ልመለስ፦ በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ለገፋ የማህጸን በር ካንሰር ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን የመከላከያ አቅም ቀስቃሽ መድኃኒት ከኬሞና ከጨረር ጋር አብሮ እንዲሰጥ ፈቀደች። ኬሞው ያው የ1978ቱ ሲስፕላቲን ነው። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። የአዲሱ መድኃኒት ዋጋ ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም።

የእኔ ፍርድ ለሲስፕላቲን ነው። ኦክሳሊፕላቲን ረቂቅ ነው፣ ድምፅም አለው፤ ሲስፕላቲን ግን በአራት ጥፍር ብቻ፣ አንድም ትርፍ ነገር ሳይጨምር፣ የተሰራጨ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርን ከገዳይነት ወደሚድን በሽታ የለወጠ ሥራ ነው። ተወዳዳሪውን አላየሁም።